ሁሉም የፊቱን ጎማ ሲወቅስ፦ የአንድ አዲስ ሲአርኤፍ 300 ኤል ጉዳይ

ለአዲስ ሞተር መጀመሪያ ምን ይገዛለታል ሲባል ብዙ ሰው ጎማ ይላል። የእጅ መከላከያ የሚልም አለ፤ ድምፁ ወፈር ያለ ማርሚታ የሚልም አለ። እኔ ሜትር ነው የምለው። ልብስ ሰፊ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ተራ ሜትር። ምክንያቴን በአንድ ሞተርና በአንድ ሰው ላስረዳ።

ሰውየው ወዳጄ ነው። ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር አጠገብ፣ ብዙ አበሻ በሚኖርባት አውሮራ ይኖራል። አገር ቤት ሳለ ጎጃም ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነበር። ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው በመሥሪያ ቤቱ ያማሃ ነው። ከኋላ ዘር ወይም ሰው ጭኖ፣ ክረምት በጭቃው፣ በጋ በኮረኮንቹ። ስለዚህ ለሞተር አዲስ አይደለም። አሜሪካ ከገባ በኋላ ግን ሥራና ልጅ ማሳደግ ይዞት ዓመታት ያለ ሞተር አለፉ። ልጆቹ ከፍ ከፍ ሲሉ አንድ ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል ገዛና ደወለልኝ። "ጋሼ፣ መጥተህ እየው" አለኝ።

ሞተሩ

ይህ ሞተር ታርጋ የሚለጠፍለት፣ አስፋልትም ጫካም የሚሄድ ነው። በ2021 የወጣው የቀድሞውን ሲአርኤፍ 250 ኤል ተክቶ ነው። ሆንዳ የፒስተኑን ምት ከ55 ወደ 63 ሚሊሜትር አስረዝሞ 286 ሲሲ አደረሰው። ጉልበቱ 27 ፈረስ ገደማ ነው። ቤንዚን ሞልቶ ክብደቱ 142 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ወንበሩ ከመሬት 880 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። የፊት ጎማው 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ነው። ሁለቱም ጎማዎች ወደ ላይና ወደ ታች 260 ሚሊሜትር መጫወት ይችላሉ። ይህን 260 ያዙልኝ፤ የጉዳዩ ቁልፍ እሱ ነው።

የቤንዚን መያዣው 7.8 ሊትር ብቻ ነው። በሊትር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ለአንድ ቀን ጉዞ አያንስም። ራቅ ብሎ ለሚሄድ ሰው 12.8 ሊትር የሚይዘው ራሊ የሚባለው የዚሁ ሞተር ወንድም ይሻለዋል።

ወዳጄ ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥበት የወደደው አንድ ነገር ነበር፤ እግሩ መሬት መድረሱ። ቁመቱ መካከለኛ ነው። 880 ሚሊሜትር ለእሱ ከፍ ይላል ብሎ ፈርቶ ነበር። ሲቀመጥበት ግን ሞተሩ ዝቅ አለለትና ሁለቱም እግሮቹ ወለሉን ነኩ። ደስ አለው። ለምን ዝቅ እንዳለ ግን ሻጩም አልነገረው፣ እሱም አልጠየቀ።

የመጀመሪያው ጉዞ

የሄድነው ራምፓርት ሬንጅ ነው። ከሴዳሊያ በ67 ቁጥር መንገድ ወደ ምዕራብ ሽቅብ ሲኬድ፣ ፓይክ በሚባለው ብሔራዊ ደን ውስጥ ይገኛል። ለሞተር የተፈቀዱት ዱካዎች ተደምረው ከ160 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ። የበረዶው ወራት ሲመጣ ይዘጋል። ለመግባት የግዛቱ ተለጣፊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዋጋው 25.25 ዶላር ነው፤ ሞተሩ ታርጋ ቢኖረውም ይጠየቃል። ለዱካዎቹ ጥገና የሚውል ገንዘብ ስለሆነ ማንም ቅር ሊለው አይገባም።

የመሬቱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። አካባቢው ቀላ ያለ ግራናይት ነው፤ ዕድሜው ከቢሊዮን ዓመት ያልፋል። ድንጋዩ በብርድና በውሃ እየተፈረፈረ ሻካራ ጠጠር ሆኗል። ከስር ጠንካራ አለት፣ ከላይ ይህ ጠጠር። ሲሚንቶ ወለል ላይ በተደፋ አተር ላይ እንደ መሄድ ነው። ጭቃ የለመደ ሰው እዚህ ይቸገራል፤ ጭቃ ቢያንስ ጎማውን ይይዛል።

ሞተሩ ራሱ አላሳፈረም። ፍሪሲዮኑ በሁለት ጣት የሚሳብ ቀላል ነው። ከታች ጀምሮ ሳይንተፋተፍ ይጎትታል። ሳይጮህ፣ ሳይደነግጥ፣ ሽቅቡን ቀስ ብሎ ይወጣል። አዲስ ስለሆነ በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ጋዝ እስከ ጥግ አይከፈትም፤ እሱም ታገሠ።

ከፍታው የራሱን ይወስዳል። ዱካዎቹ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው፤ የአዲስ አበባን ያህል መሆኑ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። 27ቱ ፈረስ ወደ 20 ይወርዳል ማለት ነው። አገር ቤት ካርቡራተር ባለው ሞተር ላይ ሜካኒኩ ካቻቢቴውን ይዞ ሚኒሞውንና ድብልቁን ያስተካክል ነበር። ይህኛው ነዳጁን በኮምፒውተር ስለሚረጭ ድብልቁን ራሱ ያስተካክላል። የጠፋውን ጉልበት ግን ማንም አይመልሰውም። ወዳጄ "ይደክማል" ሲል የሰማሁትን በዚህ አስረዳሁትና ነገሩን ዘጋነው።

ያልተዘጋው ሌላ ነበር። ቁልቁል በሚወርዱ ኩርባዎች ላይ የፊቱ ጎማ እየሸሸ አስቸገረው። መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር ሞተሩ ለትንሽ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄድና ከዚያ ይታጠፋል። ጉብታ በተደረደረበት ቦታ ደግሞ ኋላው ጥግ ድረስ ይወርድና "ዷ" ብሎ ይመታል። ሲመለስ እንደገና ወደ ላይ ይወረውረዋል። ፊቱ አይታመንም፣ ኋላው ይዘላል። እጁ ከመጨበጥ ብዛት ደነዘዘ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ስናርፍ ያገኘናቸው ሞተረኞች ሁሉ ፍርዳቸው አንድ ነበር፤ ጎማው ነው። ከፋብሪካ የመጣው ጎማ ለአስፋልትም ስለሚያስብ ጥርሱ ጥልቅ አይደለም፣ ቀይረው አሉት። ወዳጄም "ነገ እቀይረዋለሁ" አለ። ውሸት ነው አልልም። ጥርሱ የጠለቀ ጎማ እዚያ ጠጠር ላይ ይረዳል። እኔ ግን ሌላ ነገር አይቼ ነበር።

ከኋላው ስከተል ቆይቼ አንድ ቦታ ላይ ከጎኑ ለመቆም አጋጣሚ አገኘሁ። እሱ እንደተቀመጠ የፊት መብራቱ መንገዱን ትቶ የጥዶቹን ጫፍ ያበራል። ሞተሩ ቆሞ፣ መሬቱ ደልዳላ ሆኖ ነው ይህ የሆነው። መብራቱ ወደ ሰማይ ካየ ወይ ፊቱ ተነሥቷል፣ ወይ ኋላው ተቀምጧል። ፊቱን የሚያነሣ ነገር የለም።

በሜትር

ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ያደረግነው ይህን ነው። ማንም ሰው አንድ ረዳት ይዞ ሊያደርገው ይችላል።

መጀመሪያ ሞተሩን ሣጥን ላይ ሰቅለን የኋላ ጎማው አየር ላይ እንዲንጠለጠል አደረግን። ከጎማው አክስል መሐል ተነሥተን፣ በቀጥታ ወደ ላይ፣ ጭራው ላይ በፕላስተር ምልክት ያደረግንበት ቦታ ድረስ ለካን። 612 ሚሊሜትር። ከዚያ ሞተሩን ወደ መሬት አውርደን ብቻውን ለካነው። 567 ሆነ። ስለዚህ ሞተሩ በራሱ ክብደት 45 ሚሊሜትር ተቀመጠ። በመጨረሻ ወዳጄ ቦቲውን፣ ሄልሜቱን፣ የውሃ ቦርሳውን ሁሉ ለብሶ መርገጫው ላይ ቆመ። ከነትጥቁ 100 ኪሎ ይሞላል። ልጁ ከፊት መሪውን ደግፎ ያዘለት። ለካሁ፤ 490። ከ612 ላይ ሲቀነስ 122 ሚሊሜትር።

እዚህ ላይ ነው 260 የምትመጣው። የተለመደው ልክ ነጂው ሲወጣበት ኋላው ከጨዋታው አንድ ሦስተኛ ያህል እንዲቀመጥ ነው። ለዚህ ሞተር 80 እና 86 መሐል ማለት ነው። የእሱ 122 ነው። ገና ጉዞ ሳይጀምር ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረውን ጨዋታ በልቶታል። ጉብታ ሲመጣ ጥግ መምታቱ ምን ይገርማል!

የፊቱ ጎማ መሸሽም ከዚህ ነው የመጣው። ኋላ ሲወርድ የፊቱ አሞርዛተር ይበልጥ ወደ ኋላ ይጋደማል። መሪው ይዘገያል። ክብደቱም ከፊት ጎማ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጠጠር ላይ ክብደት የሌለው ጎማ ምን ይዞ ይታጠፍ? ሰውየው የወቀሰው ፊቱን ነው፤ ሕመሙ ግን ኋላ ነበር። ጎማ ቢቀይር ትንሽ ይሻለው ነበርና ነገሩ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ይህን ነው ብዙ ሰው ሲያደርግ የማየው። ገንዘቡ ይወጣል፣ ሕመሙ ይቀራል።

ቀለበቱ

የፊቱ አሞርዛተር ማስተካከያ የለውም። የኋላው አንድ ነገር ብቻ አለው፤ ሞላውን ከላይ የሚጫን ባለጥርስ ቀለበትና መቆለፊያው። ቦታው ጠባብ ነው፤ መንጠቆ ያለው ቁልፍ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ጥርሶቹን በብሩሽ አጽድተን ቅባት ቀባናቸው። ያለዚያ አሉሚኒየሙ ይላጣል። ከዚያ መቆለፊያውን ፈትተን፣ ቀለበቱን እያጠበቅን፣ በየመሐሉ እየለካን ሄድን።

ስንጨርስ ብቻውን 13፣ እሱ ሲወጣበት 90 ሆነ። 90 ከ122 እጅግ ይሻላል። ወዳጄ ደስ ብሎት ሊዘጋው ሲል ሌላውን ቁጥር አሳየሁት። ከማጥበቃችን በፊት በሞተሩ ብቻና በነጂው መሐል የነበረው ልዩነት 77 ነበር። 122 ሲቀነስ 45። አሁንም 77 ነው። 90 ሲቀነስ 13። ቀለበቱን የፈለግነውን ያህል ብናዞር ይህ ልዩነት አይነቃነቅም። ቀለበቱ ሞተሩን ከፍ ያደርጋል እንጂ ሞላውን አያጠነክርም። ሞተሩ ብቻውን 13 ብቻ ከተቀመጠ ደግሞ ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ወደ ታች ወርዶ መሬቱን የሚከተልበት ቦታ የለውም። ጎማው አየር ላይ ይቀራል። ይህ ማለት ሞላው ለሰውየው ለስላሳ ነው ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

የፋብሪካውን ሰዎች ግን አንወቅስም። ይህ ሞተር የሚሸጠው ለብዙ ዓይነት ሰው ነው፤ ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ፣ ገና ለሚማር፣ ቀለል ላለ ሰው። ለስላሳ ሞላ ለእነዚህ ምቹ ነው። 100 ኪሎ ይዞ ድንጋይ ላይ ለሚወጣ ሰው ነው የማይሆነው።

ሰውነትና መሪ

ሞላ እስኪገዛ ድረስ ያለ ገንዘብ የሚደረገውን አደረግን። ይህን ክፍል ሰው ይንቀዋል፤ እኔ በጣም ነው የማምንበት።

ወዳጄ የሚነዳው ተቀምጦ፣ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ ነው። የጎጃሙ ልማድ ነው። ከኋላ ጭነት ባለበት፣ ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ በሚዋልበት ሥራ ትክክል ነበር። እዚህ ግን ያለቀለትን ኋላ ይበልጥ ያስቀምጠዋል። ቆሞ እንዲነዳ መርገጫዎቹና መሪው እንዲመቹት ማድረግ ነበረብን። የመርገጫዎቹን ጎማ አወጣን፤ ከስር ያለው ጥርስ ቦቲውን ይይዛል። የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹን ወደ ታች አዘነበልናቸው፤ ቆሞ ጣቱን ሲዘረጋ አንጓው ሳይሰበር ቀጥ እንዲል። ብሎኖቻቸውን እስከ ጥግ አላጠበቅንም። ሞተሩ ሲወድቅ መያዣው ይዙር እንጂ አይሰበር። የማርሹን መርገጫ አንድ ጥርስ ከፍ አደረግነው፤ ወፍራም ቦቲ ከስሩ አልገባ ብሎ ነበር።

የጎማ ንፋስ 22 ፒኤስአይ ነበር፤ ለአስፋልት የሚመከረው ነው። ዱካው መግቢያ ላይ ወደ 16 አወረድነው። ከዚህ በታች ብዙ አልደፍርም። ጎማው ከመነዳሪ ያለው ስለሆነ 12 አካባቢ ሲወርድ ድንጋይ ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦ ይቀደዋል፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ ቫልቩን ሊቆርጠውም ይችላል። ቦርሳው ውስጥ አንድ ባለ 21 ከመነዳሪ ያዘ። ሲቸግር ለኋላውም ይሆናል፤ ባለ 18ቱ ግን ለፊት አይሆንም።

ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን የኋላውን ኤቢኤስ ደግሞ ቁልቁል ላይ በማጥፊያው ያጠፋዋል። የፊቱ አይጠፋም፤ ባይጠፋም ጥሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ኤቢኤሱ ራሱ ስለሚመለስ ከእረፍት በኋላ ሁሌ መብራቱን ማየት ነው።

እንደገና ራምፓርት

ወደ እዚያው ዱካ ተመለስን፤ ያው ጎማ፣ ያው ሰው። በመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ አሁንም ሊቀመጥ ይል ነበር። "ተነሥ! ደረትህን ወደ መሪው!" እያልኩ ተከተልኩት። ቆሞ፣ ክርኑን ከፍቶ፣ ከኩርባው ውጪ ያለውን መርገጫ መጫን ሲጀምር ፊቱ መንገዱን ያዘ። መሪው ሲዞር ሞተሩም አብሮ ዞረ። "ጋሼ፣ ሌላ ሞተር ሆነ እኮ" አለኝ። ሌላ አልሆነም፤ ግን ገባኝ።

ጉብታዎቹ ላይ ግን እንደፈራነው ሆነ። ጥግ መምታቱ ቀነሰ እንጂ አልቀረም። ኋላው ወደ ላይ ሲመለስ መወርወሩም አለ። ቁጥሩ የነገረን ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ለእሱ ክብደት የሚሆን የኋላ ሞላ አዘዘ። ከኋላው ጋር የፊቶቹንም እንዲያዝ መከርኩት። ኋላውን ብቻ ያጠነከረ ሰው ኋላው ከፍ ይልበትና ፍሬን ሲይዝ ፊቱ ይሰምጣል፤ መሪውም ይደነብራል። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ አንዱን ችግር በሌላ መለወጥ ነው። የፊቶቹን ሲቀይር ዘይታቸውም አብሮ ተቀየረ። ዋጋው ከአዲስ ጎማ ይበልጣል፤ ማርሚታ ከመቀየር ግን ያንሳል።

አዲሱ ሞላ ገብቶ ለካን። ብቻውን 28፣ ከነጂው ጋር 84። ልዩነቱ ከ77 ወደ 56 ወረደ። አሁን ሞላው የእሱ ነው። ጉብታዎቹን በሁለተኛ ማርሽ እየዘለለ ሳይሆን እየረገጠ አለፋቸው። "ዷ" የሚለውን ድምፅ አልሰማሁም። የፊት መብራቱም መንገዱን ያበራል።

የከፈለበትም ነገር አለ። ሞተሩ ሲቀመጥበት እንደ በፊቱ ዝቅ አይልም። መብራት ላይ ሲቆም አሁን የሚደርሰው የጫማው ጫፍ ብቻ ነው። አንድ እግሩን ብቻ አውርዶ፣ ቂጡን ወደ ጎን አንሸራቶ መቆም ለመደ። ድንጋያማ ሽቅብ መሐል ቢቆም ግን መሬት ፍለጋ ይቸገራል። ወንበሩን ማስቆረጥ አስቦ ነበር፤ እኔ አልደገፍኩትም። ወንበር ሲቀንስ ከመቀመጥ ወደ መቆም ያለው ርቀት ይረዝማል፤ ጉልበት ይጨርሳል። በመሐሉ የለመደ ይመስለኛል።

የሚቀረው ማርሹ ነው። አንደኛ ማርሽ ለጠባብና ለገደላማ ቦታ ፈጣን ነው፤ በተለይ በዚያ ከፍታ ፍሪሲዮን እየያዙ መሄድን ያስገድዳል። ካቴናውን የሚያዞረው የፊቱ ጥርስ 14 ነው፤ የኋላው 40። ፊቱን 13 ማድረግ 7 በመቶ ያህል ያዘገየዋል፤ ርካሽ ነው፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይሠራል። አስፋልት ላይ ግን ሞተሩ ይበልጥ ይጮኻል። ከአውሮራ እስከ ሴዳሊያ ያለውን መንገድ በሞተሩ ስለሚሄድ እያመነታ ነው። እኔ ብሆን እቀይረው ነበር።

ልጁ ደግሞ አሁን መንዳት እየተማረ ነው። ከነትጥቁ 65 ኪሎ ቢሆን ነው። አባቱ ሞላ ላይ ሲወጣ ሞተሩ እንጨት ሆነበት፤ ጠጠሩ ላይ ይንጠባጠባል። ለእሱ ልኩ ከፋብሪካ የመጣው ሞላ ነው። አሮጌዎቹ ሞላዎች ተጠቅልለው ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጁ የራሱን ሞተር እስኪያገኝ በጋ በጋውን ይህኛው ለእሱ እንዲሆን አባትየው መልሶ ሊገጥማቸው አስቧል።